ሁዳዴ የጾመው ውሻ

በ1972 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ጌዶ ውስጥ ሁለት ልጆችን ቄደር ለማስጠመቅ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰበሰበ። ቄደር የሚጠመቀው ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው ነው። በእኛ አገር የእስላም ሥጋ የበላም ይጠመቃል። ልጆቹ ወርቅቱና ወንድሟ አመዩ ናቸው። እሷ አሥራ አራት፣ እሱ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር በነጋዴው በአብዱልወሀብ ቤት ኖረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተሸሽገው።

የአብዱልወሀብ ሚስት ሐሊማ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። «ግቢ» ያላት የለም። እሷም አልጠየቀችም። ለልጆቹ እናት አንድ ቃል ገብታ ነበር። ውሃው በልጆቹ ላይ ከፈሰሰ ቃሏን በልታለች ማለት ነው። በእኛ ዘንድ አደራ በላ ከሌባ ይከፋል።

እኔም እዚያ ነበርኩ። እውነቱን አውቃለሁ። እንዳልናገር ግን ቃል ሰጥቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ስሜ ሆርዶፋ ነው። ጌዶ ገበያ ዳር ሥጋ ቤት ነበረኝ። በግድግዳው ላይ መስቀል ተስሏል። ከመንገዱ ማዶ የከድሮ ሥጋ ቤት አለ፤ በእሱ ግድግዳ ላይ ጨረቃ ተስላለች። ክርስቲያን ከእኔ ይገዛል፣ እስላም ከከድሮ። ከከድሮ ጋር ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን፣ ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን። ቢላዋ ግን አንዋዋስም። ሰርግ ላይ ትሪው ሁለት ነው። በዚህ ማንም ተጣልቶ አያውቅም።

አብዱልወሀብ ከደቡብ መጥቶ ጌዶ የከረመ ሰው ነው። ከፊት ለፊት ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጣል። ከጀርባ መጋዘን አለው። የከብት ቆዳ እየገዛ በጨው አሽቶ ይቆልልና ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። የእኔን ቆዳ አሥራ አምስት ዓመት የገዛኝ እሱ ነው። ቆዳ ሃይማኖት የለውም።

የልጆቹ አባት ቀንዓ አስተማሪ ነበር። እናታቸው ባየሽ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሐሊማ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ልጅ ሞቶባታል። ሁለቱንም ጊዜ እሷን ከሞት አፍ ያወጣቻት ባየሽ ናት።

በ1970 መስከረም ቀንዓ ጸረ አብዮት ተብሎ ተፈለገ። ጫካ ገባ። በኅዳር ሚስቱን ያዙ። ቀጥሎ ልጆቹን ፈለጉ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መሪ ቦጂያ ይባላል። ገበያ መሃል ቆሞ «ጥጃዋን እሰር፣ ላሟ ራሷ ትመጣለች» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥጃ ያላቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ናቸው።

ባየሽ ሊይዟት እንደሆነ ስታውቅ ልጆቹን አውቶቡስ ላይ አሳፍራ አዲስ ዓለም ወዳለው ወንድሟ ወደ ሀብተሥላሴ ላከቻቸው። ሀብተሥላሴ በሩን ገርበብ አድርጎ አያቸው። ዳቦ ሰጣቸው። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ አደሩ። በማግስቱ በዚያው አውቶቡስ መለሳቸው። ይህን የነገረኝ ሹፌሩ ነው። «ትኬታቸውን ራሱ አጎታቸው ቆረጠ» አለኝ። ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ልጆቹ ጌዶ ሲወርዱ እናታቸው ተይዛለች፣ ቤታቸው ታሽጓል። ቅዳሜ ገበያ ነበር። ሐሊማ በሰው መሃል አየቻቸው። ነጠላዋን አመዩ ላይ ጣለች፣ የወርቅቱን እጅ ያዘች፣ ሄደች። ብዙ የማይ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አላየሁም። ሌላውም አላየም። ያየ ካለም ዝም ብሏል።

ባየሽ ወደ አምቦ እስክትወሰድ ሦስት ሳምንት እዚሁ ጌዶ ታስራ ቆየች። ሐሊማ ዳቦ ታደርስላት ነበር። በመጨረሻው ቀን ባየሽ ዳቦውን ስትቀበል ጎንበስ ብላ፣ «ነፍሳቸውን ላንቺ ሰጥቻለሁ። ሃይማኖታቸውን ግን ጠብቂልኝ» አለቻት። ሐሊማ «ወላሂ» አለች። ከዚያ በኋላ ባየሽን አላየናትም። አምቦ ሞተች አሉን። በምን እንደሞተች የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሐሊማ በጓሮ በር ወደ እኔ መጣች።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ አካም ቡልተን?»

«ነጋ፣ ደህና አድሬያለሁ። ምን እግር ጣለሽ ሐሊማ?»

«ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይስጡኝ።»

«ከድሮ ዘግቷል እንዴ?»

«አልዘጋም። ለውሻ ነው።»

ከጅማቱም ከአጥንቱም ሰበሰብኩላት። ጎንበስ ብላ አየችው። «ከዚህ ደህና የለም?» አለች። ከደህናው ቆረጥኩላት። ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመለሰች።

«ስታርዱት በስመ አብ ብላችሁ ነው አይደል?»

«እንዴታ!»

«እሺ» አለችና ሄደች።

በሕይወቴ ለውሻ ቡራኬ የሚጠይቅ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሦስት ቅዳሜ ሸጥኩላት። በአራተኛው ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

«ሐሊማ፣ እናንተ ቤት ውሻ የለም። አሥራ አምስት ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ። ውሻ ካለበት ቤት መልአክ አይገባም የምትሉት እናንተ ናችሁ። ይህን እኔ ካወቅሁ ቦጂያም ያውቃል።»

ጨርቁን በሥጋው ላይ ሁለት ጊዜ አጠፈችው።

«አደራ ነው፣ ኦቦ ሆርዶፋ።»

የማን ብዬ አልጠየቅኋትም። በከተማው የጠፉ ልጆች ሁለት ናቸው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የራሴን ውሻ ጉራቻን በገመድ አሰርኩ። ሆን ብዬ በገበያው መሃል ጎተትኩት። አብዱልወሀብ መጋዘን በር ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ፣ «ጅብ ቆዳህን ጨረሰው አሉ! ይኸው ጠባቂ!» አልኩት። ውሻውን አየ። እኔን አየ። ውሻ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ገመዱን በሁለት ጣቱ ተቀበለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማው መሳቂያ ሆነ። ከድሮ ከሥጋ ቤቱ በር ላይ ሆኖ፣ «አብዱልወሀብ! ዛሬ ማን ሊያሰግድህ ነው፣ ጉራቻ?» ይለዋል። የመስጊድ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አስጠርተው መከሩት። «ለጅብ ነው» ይላል። ሌላ አይናገርም። ውሻው በልብሱ በታከከ ቁጥር ልብሱን ያጥባል። ክረምት ሲገባማ አብዱልወሀብ የሚለብሰው ደረቅ ልብስ ያጣበት ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ባየሽ የሚስቴ የደብሪቱ ጓደኛ ነበረች። ከጌዶ እስከ እጃጂ የባየሽ እጅ ያልነካው ሕፃን አልነበረም። ያ ሁሉ ቤት መስቀል በበሩ ላይ አለ። አንድ በር አልተከፈተም። ሁሉም ምክንያት ነበረው። ልጅ አለኝ ያለ ነበር፣ እናቴ ታማለች ያለ ነበር። እኔም ነበረኝ። ውሻዬን ሰጠሁ። ቤቴን አልሰጠሁም።

ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሐሊማ መጣች። ጓሮ ውስጥ ሰው ነበር። ድምፅዋን ሳትቀንስ ጠየቀችኝ።

«ውሻ ስንት ዓመቱ ነው መጾም የሚጀምረው?»

«ሰባት ሲሞላው።»

«ትንሹ ስድስት ነው።»

«አይጾምም። ወተቱን ይጠጣ።»

«ትልቋስ?»

«ትጹም። ከሁዳዴ በኋላም ረቡዕና ዓርብ አለ።»

«ረቡዕና ዓርብን አውቃለሁ!» አለች ተቆጥታ። «ውሻዬን የማላውቅ መሰልኩዎት?»

ሳቅሁ። እንጨት የሚፈልጠው ሰውዬም ሳይገባው ሳቀ። በዚያ ዓመት ከልቤ የሳቅሁት አንዴ ነው።

ጾሙ ገባ። እንደ ደንቡ ሥጋ ቤቴን ዘግቼ ወደ እርሻዬ ሄድኩ። ከድሮ ግን ክፍት ነው። ሐሊማ ግማሽ ኪሎ ከከድሮ እየገዛች ለውሻው መስጠት ነበረባት። አልገዛችም። እሷ የሰው ጾም ለመጠበቅ ስትጨነቅ ረሳችው። ቅቤ የነካው ማንኪያ ሽሮው ውስጥ እንዳይገባ ስትጠነቀቅ፣ በዓሉ ስንት ቀን ቀረው እያለች ቀን ስትቆጥር፣ የራሷን ሰዎች ሥጋ ቤት ረሳች። እኔም አላሰብኩትም። ክርስቲያን ነኝና በሁዳዴ ሥጋ አይታሰበኝም። ያሰበው ቦጂያ ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰ። አሥራ አንድ በሬ አርጄ ነበር። ሰልፉ መንገዱን ዘግቷል። ጓሮው በቆዳና በሆድ ዕቃ ስለሞላ ሐሊማ ከሰው ጋር ከፊት ተሰለፈች። ከኋላዋ ሦስተኛ ሰው ቦጂያ ነው። ቦጂያ በየስብሰባው ሃይማኖት የአድኃሪያን መሣሪያ ነው እያለ የሚያስተምረን ሰው ነው። ለፋሲካ ሥጋ ግን ማልዶ ይሰለፋል።

«እትዬ ሐሊማ!» አላት። «ዘንድሮ ካንቺም ጋር ልንፈስክ ነው?»

ሰልፉ ሳቀ።

«ለውሻ ነው» አለች።

«ውሻሽ ሁዳዴን ጾሞ ነው የከረመው? ሁለት ወር ሙሉ ከከድሮ አጥንት ስትገዢለት አላየሁም።»

ሰልፉ ይበልጥ ሳቀ። «ቆራቢ ውሻ ነው!» ያለም ነበር። ነገሩ በቀልድ እንዲያልፍ እኔም ሳቅሁ። ቦጂያ ግን አልሳቀም። ዓይኑ የሐሊማን እጅ ያይ ነበር። ጨርቁን እያጠፈች ትዘረጋ ነበር።

በማግስቱ፣ በፋሲካ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ ደጄ ተቀምጬ ሳለ ቦጂያ ሁለት ጠብመንጃ ያነገቱ ሰዎች አስከትሎ አለፈ። የሚሄደው ወደ አብዱልወሀብ ነው። ተነሥቼ የትናንቱን ቆዳ አህያ ላይ መጫን ጀመርኩ።

«በበዓል ቀን ወዴት ነው?» አለች ደብሪቱ።

«ቆዳው ይሸታል።»

አየችኝ። የአህያውን መጫኛ ይዛ አገዘችኝ።

ስደርስ መጋዘኑ ውስጥ ናቸው። ቆዳው እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ጨውና ደም መሬቱን አርሶታል። ልጆቹ የት እንዳሉ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ሐሊማ ሁሉንም ማዕዘን ስታይ ከኋላ በግራ በኩል ያለውን ክምር ግን አንዴም አላየችም።

«አንሱት!» አለ ቦጂያ።

ከሰዎቹ አንዱ ሦስት ቆዳ አነሣ። አራተኛውን ሲያነሣ ወጥቶ አስመለሰው። ሁለተኛው አፍንጫውን በካቦርቱ ሸፍኖ ቆመ። ቦጂያ የበዓል ልብሱን ለብሶ ነበር፤ ራሱ ሊነካው አልፈለገም። እኔ ያመጣሁትን እርጥብ ቆዳ እየጎተትኩ በግራው ክምር ላይ ወረወርኩ። ደሙ ቦጂያ ሱሪ ላይ ተፈናጠቀ።

«በፋሲካም ሥራ ነው፣ ኦቦ ሆርዶፋ?»

«ቆዳ በዓል አያውቅም።»

ተሳደበ። ወጣና ወደ ማድ ቤቱ ሄደ። እዚያ ምድጃ ላይ አንድ ድስት ተጥዷል። ሐሊማ ለልጆቹ ብቻ የገዛችው ድስት ነው። ከቤቱ ዕቃ ጋር አትቀላቅለውም። ቦጂያ ክዳኑን አነሣ። የበሬ ሥጋ፣ በቅቤ፣ በበርበሬ። የቤቱ ሰው በሙሉ ሽታው ሸተተው። ከቆዳው ኋላ ያሉትም ሳይሸታቸው አይቀርም። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመች ልጅ እዚያ አለች።

«የውሻ ወጥ በቅቤ ሲሠራ ገና ዛሬ አየሁ!» አለ ቦጂያ። «ይህ ለማን ነው?»

አብዱልወሀብ ተናገረ።

«የእኛ ምሳ ነው። ከከድሮ የገዛሁት ነው። ከሆርዶፋ የተገዛው ያውልህ፣ ጉራቻ እየቆረጠመው ነው።»

«ከከድሮ ከሆነ ብላው» አለ ቦጂያ። «ቁጭ በልና ብላው። አንቺም።»

ብልጠቱ ይህ ነበር። እስላም ከክርስቲያን ሥጋ ሞቱን ይመርጣል። ቦጂያ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሁላችንም በዚህ ያደግን ነን። ሥጋው የእኔ ከሆነ አይበላም፤ ካልበላ ቤቱ ድንጋይ በድንጋይ ይፈርሳል፤ ልጆቹ ይገኛሉ።

አብዱልወሀብ አየኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እጁን ታጠበ። ቆይቶ ታጠበ። ተቀመጠ። «ቢስሚላህ» አለ። ጎረሰ።

በላ። ሐሊማም አጠገቡ ተቀምጣ በላች። አልተጣደፈም፣ አልተናነቀውም። እንግዳ ፊት እንደሚበላ ሰው እያላመጠ በላ። ላብ በጆሮው ሥር ይወርድ ነበር። ቦጂያ ግድግዳ ተደግፎ ድስቱ እስኪጠረግ ድረስ ቆመ።

«እውነትህን ነው። የከድሮ ነው» አለ በመጨረሻ። ሱሪውን እያየ ሄደ።

ሃይማኖት ሞቷል ብሎ የሚሰብከው ሰው ያን ቀን የተማመነው በሃይማኖታችን ነው። አብዱልወሀብ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል ብሎ አላሰበም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላሰብኩም ነበር።

ከሄዱ በኋላ አብዱልወሀብ ከአጥሩ ኋላ ሄዶ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ረጥቧል።

«ሆርዶፋ፣ ይህን ለማንም አትንገር። ለከድሮም፣ ለመስጊድም፣ ለደብሪቱም። ቃልህን ስጠኝ።»

«ሰጥቼሃለሁ።»

ልጆቹን ከቆዳው ኋላ አወጣናቸው። አመዩ በቀጥታ ማድ ቤት ገብቶ ድስቱን አየ።

«የእኛን ሥጋ ማን በላው?»

«ጅብ በላው፣ ልጄ» አለች ሐሊማ።

«ጅብ በቀን ይመጣል?»

«ዘንድሮ ይመጣል።»

ለፋሲካቸው ሽሮ በሉ።

በ1971 ግንቦት ቀንዓ ጫካ ውስጥ ተገደለ። ቦጂያ በስብሰባ ነገረን። አስጨበጨበን። ላሟ ከሞተች ጥጃዋን የሚፈልግ የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐሊማ ልጆቹን ወደ ፀሐይ አወጣቻቸው። ወርቅቱ ብርሃኑ ዓይኗን ስለሚወጋት በእጇ ትከልል ነበር። ቦጂያ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «ኧረ አድጋችኋል!» አለ። በጆሮዬ ሰማሁ። እጄ ላይ ቢላዋ ነበር። አስቀመጥኩት።

እንግዲህ በጥር 1972 ሀብተሥላሴ መጣ። ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ጃንጥላ። የእህቴ ልጆች በእስላም እጅ ቀሩ ብሎ በየቤቱ አለቀሰ። ሽማግሌ ሰበሰበ። እሑድ እንዲጠመቁና ሰኞ ይዟቸው እንዲሄድ ተስማሙ።

እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቷል። መምሬ በእንጨት ወንበር ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው መጽሐፉና የውሃው እንስራ አለ። ከአጥሩ ውጭ ሐሊማ፣ አጠገቧ አብዱልወሀብ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ከድሮና ሌሎች እስላሞች ወሬ ሊሰሙ ቆመዋል።

«ሁለት ዓመት ከእስላም ገበታ በልተዋል» አለ ሀብተሥላሴ። «ሳይጠመቁ ቤቴ አይገቡም።»

መምሬ ወደ ወርቅቱ ዞሩ። «በልታችኋል፣ ልጄ?»

«አልበላንም፣ አባ። አዴ ሐሊማ የምትገዛልን ከኦቦ ሆርዶፋ ነው።»

«እውነቷን ነው» አልኩ። «በየቅዳሜው ግማሽ ኪሎ የሸጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለውሻ ነበር አሉ!» አለ ሀብተሥላሴ፣ ሰዎችም ሳቁ። «ልጅ ያሳደጋትን አሳልፋ አትሰጥም፤ ነጋዴም ደንበኛውን። እኔ ግን ያየ ምስክር አለኝ።»

ምስክሩ ቦጂያ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። በዚያ በር ሲገባ ያየሁት የመጀመሪያ ቀኑ ነው።

«በ1970 ፋሲካ እቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር» አለ። ጎራ! «አንድ ድስት ነው የነበረው። እኔው ራሴ ከፈትኩት። አብዱልወሀብ ከከድሮ የገዛሁት ነው አለ፣ ዓይኔ እያየ በላው። ልጆቹ በበዓሉ ከዚያ ካልበሉ ከየት በሉ?»

ሰው አጉረመረመ።

«ቦጂያ፣ ለመምሬ ንገራቸው» አልኩት። «ያን ቀን ምን ፈልገህ ነበር ጎራ ያልከው? እነዚያ ሁለት ጠብመንጃዎችስ ለእንኳን አደረሳችሁ ነበሩ?»

«ያለፈ ነገር ነው፣ ኦቦ ሆርዶፋ።»

«ፖለቲካ አታምጡብን!» አለ ሀብተሥላሴ። «የመጣነው ለሃይማኖት ነው።»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ወደ አጥሩ ተመለከትኩ። ከድሮ አንገቱን አስግጎ ይሰማል። አብዱልወሀብ በዓይኑ ያዘኝ። ቃል ሰጥቼዋለሁ። ዝም አልኩ። ግማሹ ቃሌ ነበር። ግማሹ ደግሞ ያው የድሮው ፍርሃቴ ነበር፤ ቦጂያ አሁንም የቀበሌ ሰው ነው። መምሬ ግራና ቀኝ አዩ። መጽሐፉን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት።

«አባ!»

ሐሊማ ናት። አጥሩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ድስቱ የልጆቹ ነበር። ሥጋው የኦቦ ሆርዶፋ ነበር። የበላነው እኔና ባሌ ነን። ልጆቹ ከቆዳው ኋላ ነበሩ። በዚያ ፋሲካ ሽሮ ነው የበሉት። ለባየሽ የገባሁትን ቃል አልበላሁም። የእናንተን ሥጋ በላሁ እንጂ ቃሌን አልበላሁም።»

አብዱልወሀብ ሚስቱን አላያትም። ፊቱን ወደ ከድሮ አዞረ።

«እውነት ነው። በልቻለሁ። ስማ ከድሮ፣ በደንብ ስማና ለመስጊዱም ንገር። ልጆቹን ሊወስዷቸው ነበር። በላሁ።»

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። ዘግይቶ ተከፈተ። ሐሊማ ከአጥር ውጭ ሆና ከተናገረች በኋላ።

«መምሬ! በሃይማኖታችሁ ካላችሁ ፍረዱ። ልጆቹን ያደነ ሰው ምስክር ሆኗል፣ በሩን የዘጋ ሰው ከሳሽ ሆኗል፣ ያዳነች ሴት ውጭ ቆማለች። ይህ ውሃ ከተቀዳ አይቀር፣ ይኸው የካደው ቦጂያ ቆሟል!»

መምሬ መጽሐፉን ዘጉ። ተነሡና እንስራውን ራሳቸው አንሥተው ውሃውን ከወይራው ሥር ደፉት።

«ልጆቹ ባሉበት ይቆዩ» አሉ። «እሑድ እሑድ ላኪያቸው፣ ሐሊማ።»

«እንዲህ ሆነው ግን አልወስዳቸውም!» አለ ሀብተሥላሴ።

ወርቅቱ ቀና ብላ አየችው።

«ያን ጊዜም አልወሰድከንም፣ አጎቴ።»

በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ትኬቱን ራሱ ቆረጠ።

ከድሮ ሁለት ሳምንት አብዱልወሀብን አላናገረውም። በሦስተኛው መጣ። «ሼኩን ጠይቄያለሁ። ለነፍስ ብሎ የበላ አይጠየቅም አሉ» አለው። ቀጥሎ፣ «ውሻውስ?» አለ። «ውሻው ይቆያል» አለ አብዱልወሀብ። ጉራቻን መልሼ ለመውሰድ ሞክሬ ነበር። አልመጣም። እዚያው በር ላይ ተኛ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሐሊማ በጓሮ አልመጣችም። ከፊት ተሰለፈች። ከኋላዋ ቦጂያ ነበር።

«ለውሻ ነው?» አላት እየሳቀ።

«ለልጆቼ ነው» አለች ሳትዞር።

ከደህናው ሽንጥ ቆረጥኩላት። ቦጂያ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«ሁለት ኪሎ።»

«አልቋል።»

ከኋላዬ የተንጠለጠለውን ሙሉ ጎድን አየ። «ይኸው ተሰቅሎ!»

«አልቋል አልኩህ።»

ቦጂያ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ሰዉን አየ፣ ከሰልፉ ወጣ። ቢላዋዬን በሞረዱ ላይ ሁለት ጊዜ ሳልኩት።

«ቀጥሎ ያለው፣ ስንት ልስጥህ?» አልኩ።